የምልክት ጸሐፊዎች ትምክሕት

ድረ ገጽን ምልክቱን አንድ በአንድ እየለቀሙ በእጃቸው የሚጽፉ ሰዎች አንድ የማይናወጥ ሃይማኖት አላቸው፤ ይኸውም በጥንት፥ ዓለም ገና ሳትበላሽ፥ ሰው ሁሉ እንደ እነርሱ ይጽፍ ነበር፥ በኋላ ግን ሰነፎች ተነሥተው በማውስ እየጎተቱ ገጽ የሚሠሩበትን መሣሪያ አመጡ የሚል ነው። እኔም የዚሁ ማኅበር አባል ስለ ሆንሁ የአባቶቻችንን ሐረግ ለመቍጠር ተነሣሁ፤ ያገኘሁት ግን ማኅበሩን የሚያስደስት አይደለም።

ምልክቶቹስ በእርግጥ ከድሩ ይቀድማሉ። በ1969 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው) በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ቻርልስ ጎልድፋርብ የሚባል ሕግ የተማረ ሰው ከሁለት ባልደረቦቹ ጋራ የጠበቆችን ሰነድ ለኮምፒዩተር ሲያሰናዳ፥ ይህ አርእስት ነው፥ ይህ አንቀጽ ነው እያለ ለእያንዳንዱ የጽሑፍ ክፍል ስም የሚሰጥ ሥርዓት አወጣ፤ ከዚያም የተወለደው ሥርዓት በ1986 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። በድጓ ፊደል ላይ የሚቀመጡት ድፋትና ቅናት፥ ጭረትና ርክርክ ራሳቸው ሳይዜሙ ዜማውን እንደሚመሩ፥ እነዚህ የገጽ ምልክቶችም ራሳቸው ሳይነበቡ ንባቡን ይመራሉ።

ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቫ አጠገብ ባለው በሰርን የምርምር ተቋም በ1990 መጨረሻ ድሩን ሲፈጥር ምልክቶቹን ከዚህ ሥርዓት ወሰደ፤ ነገር ግን፥ የማኅበራችን መከራ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው፥ ሰው በእጁ ይጽፋቸዋል ብሎ አልነበረም። ኔክስት በተባለው ኮምፒዩተር ላይ የሠራው የመጀመሪያው ማንበቢያ መጻፊያም ነበረ፤ ቃሉን ትመርጣለህ፥ አርእስት ይሁን ትላለህ፥ ይሆናል፤ አንዱን ሰነድ ከሌላው ታያይዛለህ፥ ምልክቱን ግን ዓይንህ አያየውም። እንግዲህ ሰነፍ ስንል የኖርነው ሰው አባታችን ሆኖ ተገኘ።

ታዲያ የእጁ ጽሕፈት ከየት መጣ ቢሉ፥ ከችግር ነው። ኔክስት ውድና ብርቅ ስለ ነበረ፥ ኒኮላ ፔሎ የተባለች ተማሪ በየትኛውም ማሽን ላይ የሚሠራ ማንበቢያ ጻፈች፤ እርሱ ግን ያነባል እንጂ አይጽፍም። በ1993 ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የወጣውና ሥዕልን ከጽሑፍ መካከል እያሳየ ድሩን ለሕዝብ ያደረሰው ሞዛይክም እንዲሁ ነበረ። መጻፊያው በቀረ ጊዜ ጸሐፊው ወደ ባዶ ኖትፓድ ተሰደደ፤ በዚያም የሌላውን ገጽ ምንጭ እየከፈተ፥ ያየውን እየገለበጠ፥ ያለ መምህር ተማረ። ይህ ትምህርት መልካም እንደ ነበረ አሁንም እመሰክራለሁ፤ የከፈትኸውን የማድመቂያ ምልክት ሳትዘጋ ቀርተህ ገጹ እስከ ታች ድረስ ደምቆ ሲወጣ፥ ያ ከማናቸውም ተግሣጽ ይልቅ ጥንቃቄን ያስተምራል።

ስለዚህ ማይክሮሶፍት በ1996 የገዛው ፍሮንትፔጅም ሆነ በ1997 የወጣው ድሪምዊቨር የጠፋ ርስት መለሱ እንጂ አዲስ ነገር አላመጡም፤ ምንም እንኳ በዚያ ዘመን ከነበሩት መሣሪያዎች አንዳንዶቹ፥ አንዲት ቃል እንኳ ያላቀፉ ባዶ ምልክቶችን በገጹ ሆድ ውስጥ ያከማቹ ቢሆን። ፍሮንትፔጅ በ2006 ሲቀር በማኅበራችን ዘንድ ታላቅ ሐሤት ሆነ፤ ለመቅረቱ ያደረግነው አስተዋጽኦ ግን አንዳች አልነበረም። ወዲያውም ኤክስፕሬሽን ዌብ የሚባል ወራሽ ተተካለት፤ ይህኛው ምልክቱን እንደ ሥርዓቱ አጥርቶ ይጽፋል የሚል ወሬ በደረሰን ጊዜ፥ የሠራውን ገጽ ምንጭ ከፍተን ስሕተት ስንፈልግ አመሸን።