ሱብሒ በነፋስ መውጫ

ከወልዲያ ወደ ደብረ ታቦር የሚጓዝ ተማሪ ጋይንት ላይ ከመሸበት ነፋስ መውጫ አልጋ ይይዛል። ከተማዋ እንደ ስሟ ናት፤ ብርዱ አጥንት ይሰረስራል። እኔም ባደርኩበት ትንሽ አልጋ ቤት የሱብሒ ውዱእ አሳስቦኝ ለባለቤቷ፣ ለአንዲት ክርስቲያን እናት፣ ማታውኑ ነገርኳቸው። «ለዚህ ነው የተጨነቅከው፣ ልጄ?» ብለው ሙቅ ውሃ በፔርሙዝ ሞልተው ሰጡኝ። ቂብላውም አላስቸገረኝም፤ ከጋይንት መካ ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ ናት። ጀርመን ያሉ ወንድሞቻችን ግን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይዞራሉ። መንገደኛ ባለ 4 ረከዓውን ሶላት 2 አድርጎ ያሳጥራል እንጂ ሶላት አይተውም። ስለዚህ አልጋ ስንይዝ ሶላት እንዳለብን ሳናፍር እንናገር። ያልጠየቅነውን ደግነት ማን ይሰጠናል?