ጥፋት የለብሽም

ደብዳቤው የመጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2023 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። እቴቴ ከሌሊት ሥራዋ ተመልሳ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ፖስታውን ሰጠችኝና፣ «እስቲ አንብብልኝ፣ የዚህስ እንግሊዝኛ ከበደኝ» አለች። አነበብኩት። ባለቤቱ ቤቱን ሊሸጥ ስለሆነ በሁለት ወር ውስጥ ልቀቁ ይላል። እዚህ አገር ይህን «ያለ ጥፋት ማስለቀቅ» ይሉታል።

«ጥፋቴ ምንድን ነው?»

«ጥፋት የለብሽም ነው የሚሉት።»

«ታዲያ ጥፋት ከሌለብኝ ለምን ያስወጡኛል?»

ታሪክ እማራለሁ ባይ ነኝና መልስ በማጣቴ አፈርኩ። እነሆ መልሱን ስፈልግ ከረምኩ።

ሐሮው ከለንደን በስተሰሜን ምዕራብ ጥግ ያለ አውራጃ ነው። ቤቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ግድግዳ ተደጋግፈው የቆሙ ናቸው፤ ከፊት ወደ ውጭ ወጣ ያለ መስኮት፣ ከኋላ ጠበብ ያለ ጓሮ። በዚያ ጓሮ እቴቴ 11 ዓመት ሙሉ ጎመንና ጤና አዳም ስትተክል ኖራለች።

እነዚህ ቤቶች የመኳንንት ቤቶች አልነበሩም። የሜትሮፖሊታን ባቡር ኩባንያ በሐዲዱ ዳርና ዳር ያለውን አገር «ሜትሮላንድ» ብሎ ሰየመና፣ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ጧት በባቡር ቢሮ ገብቶ ማታ ለሚመለሰው ደመወዝተኛ አስተዋወቀው። ያን ጊዜ ብዙዎቹ ቤቶች ከ1,000 ፓውንድ በታች ይሸጡ ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለው ቤት ከግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ያወጣል።

ምን ነካው? ከጦርነቱ በኋላ በለንደን ዙሪያ ቤት እንዳይስፋፋበት የተከለለ «አረንጓዴ ቀበቶ» ጸና። በ1980 የወጣው ሕግ የማዘጋጃ ቤት ተከራዮች ቤታቸውን በቅናሽ እንዲገዙ ፈቀደ። ለብዙ ድሃ ቤተሰብ በረከት ነበር፣ አይካድም፤ ነገር ግን በተሸጡት ምትክ የተሠሩት ጥቂት ናቸው። ገንዘብ ያለውም በባንክ ብድር ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ቤት እየገዛ ማከራየት ያዘ። በ1997 በእንግሊዝ የመካከለኛ ቤት ዋጋ የመካከለኛ ሠራተኛ የዓመት ደመወዝ ሦስት እጥፍ ተኩል ያህል ነበር። በ2023 ከ8 እጥፍ በላይ ሆነ፤ በሐሮው ደግሞ ከ10 እጥፍም ያልፋል።

አከራያችንም ጭራቅ አልነበረም። የእንግሊዝ ባንክ ወለድ በ2021 ኅዳር 0.1 ከመቶ ነበር፤ በ2023 ነሐሴ 5.25 ገባ። ዕዳው ሲያንቀው ሸጠ። እሱ በባንኩ ያሳብባል፣ ባንኩ በኑሮ ውድነት፤ ማንም ጥፋት የለበትም። ዕቃዋን በጥቁር ላስቲክ የጠቀለለችው ግን እቴቴ ናት።

ከሁሉም የከነከነኝ አንድ ነገር አለ። እቴቴ በ11 ዓመት አንድ ወር ኪራይ አሳልፋ አታውቅም። ከደብዳቤው በኋላ አንድ ባንክ ሄደን ብንጠይቅ፣ ደመወዝሽ ለቤት ብድር አይበቃም አሏት። በየወሩ የሰው ቤት ዕዳ ስትከፍል የኖረች ሴት ለራሷ ቤት መክፈል አትችልም ተባለች!

በ2025 ያለ ጥፋት ማስለቀቅን የሚሽር ሕግ ወጣ። ደግ ነው። ነገር ግን ባለቤቱ ቤቴን ልሸጥ ነው ካለ በአዲሱም ሕግ የአራት ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ማስለቀቅ ይችላል። ሁለቱ ወር አራት ሆነ ማለት ነው፤ ኪራዩንም ቢሆን የቤት እጥረቱ ካልተቃለለ ደብዳቤ መሻር ብቻውን አያወርደውም።

አሁን እቴቴ ሉተን አንዲት ክፍል ይዛለች። ወደ ሥራዋ ለመሄድ ባቡርም አውቶቡስም መያዝ አለባት። ጤና አዳሙን ከነሥሩ ነቅላ በቆርቆሮ ተክላው መስኮቷ ላይ አለ። እኔም ከተማሪዎች ጋር ተዳብያለሁ። እሑድ እሑድ ቡና ስታፈላልኝ፣ «ያ መልስ ተገኘ ወይ?» ትለኛለች።

ያገኘሁት ይህን ያህል ነው፣ እቴቴ። የሚያውቅ ይጨምርበት።