የዓሣው ገበያ ሴቶች

የሃይማኖት ተቋማት «የሰላም ምክክር» ሲያካሂዱ የሚለቀቀውን ፎቶ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከፊት ወንበር ላይ ጥምጥምና ቆብ ያደረጉ አባቶች ተደርድረዋል፤ ሴት ካለችም ዳር ላይ ቆማለች። ይህን ሳይ ላይቤሪያ ትዝ ትለኛለች።

እ.ኤ.አ. በ2003 ፕሬዚዳንት ቻርልስ ቴይለር ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበር፤ አማጽያን ዋና ከተማዋ ሞንሮቪያ ደጃፍ ደርሰዋል። በሕፃናት ወታደሮች ጉዳይ ላይ የሠራችው ሉተራኗ ሌይማ ግቦዊ ክርስቲያን ሴቶችን አስተባብራ ስትነሣ፣ አሳቱ ባህ ኬኔት የምትባል ሙስሊም የፖሊስ መኮንን «የእኛን ሴቶች ደግሞ እኔ አመጣለሁ» አለች። ነገሩ በእልልታ አላለቀም። ከሙስሊም ጋር መጸለይ እምነታችንን ያበላሻል ያሉ ክርስቲያኖች ነበሩ። የገላገላቸው አንድ ጥያቄ ነው፤ ጥይት ሲመጣ ሃይማኖት ይጠይቃል ወይ? ከዚያ ወዲያ ማንም እምነቱን ለማንም አላስረከበም። ክርስቲያኖቹም በእምነታቸው ጸለዩ፣ ሙስሊሞቹም በእምነታቸው። ያቀረቡት ጥያቄ ግን የጋራ ነበር፤ ተኩስ ይቁም፣ ድርድር ይጀመር፣ ሰላም አስከባሪ ይግባ።

ነጭ ለብሰው፣ ጌጣቸውን አውልቀው፣ የቴይለር አጀብ በሚያልፍበት መንገድ ዳር፣ ዓሣ ገበያው አጠገብ ካለው ሜዳ ተቀመጡ። ፀሐይም ዝናብም አላስነሣቸውም። የዓለም ጋዜጠኞች በይበልጥ ያወሩት ከባሎቻቸው መኝታ መለየታቸውን ነው (ግቦዊ ራሷ ዋና ጥቅሙ የጋዜጠኛ ዓይን መሳቡ እንደነበር ተናግራለች)። ቴይለር በሚያዝያ ተቀብሎ አነጋገራቸው፤ በሰኔ በጋና ዋና ከተማ አክራ ድርድሩ ተከፈተ።

ድርድሩ ሳምንታት ፈጀ። የጦር አበጋዞቹ በሆቴል ተመችቷቸው ሥልጣን ሲከፋፈሉ ሞንሮቪያ ላይ መድፍ ይወርድ ነበር። በሐምሌ ሴቶቹ ክንድ ለክንድ ተያይዘው የአዳራሹን በር ዘጉ። ጠባቂዎች ግቦዊን ሊይዟት ሲመጡ ልብሷን ማውለቅ ጀመረች። በዚያ አገር እናት ወዳ ራቁቷን ብትቆም ላየው ሰው እርግማን ነው። እኛም ዘንድ እናት «ባጠባሁህ ጡቴ» ብላ ስትገዝት እግሩ የማይተሳሰር ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ጠባቂዎቹ ለምን እንዳፈገፈጉ ለእኛ ማስረዳት አያሻም። አደራዳሪው ጄኔራል አብዱልሰላሚ አቡበከር መጥተው አነጋገሯቸው። ቴይለር እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ሥልጣን ለቀቀ፤ ስምምነቱ ነሐሴ 18 ተፈረመ።

እኔን ይበልጥ የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ኃይል ገባ፤ የኢትዮጵያ ወታደሮችም ነበሩበት። ትጥቅ ማስፈታቱን ባለሙያዎች በመጽሐፍ ላይ እንዳለው አቀዱት። የትኛው ልጅ በየትኛው አዛዥ ሥር እንደነበረ የሚያውቁት ሴቶች ግን ወደ ጎን ተተዉ። በታኅሣሥ 2003 ሥራው ሲጀመር ካምፑ ሊይዘው የማይችል ታጣቂ ጎረፈ፤ ገንዘብ ጠየቁ፣ ተኩስ ተነሣ፣ ሥራው ቆሞ እስከ ሚያዝያ 2004 ተራዘመ። የሴቶቹ ዕርዳታ የተፈለገው ያን ጊዜ ነው። ዛሬም የልማት ድርጅቶች «የሃይማኖት አባቶችን እናሳትፍ» ሲሉ እናቶቹን የሚጠሩት ዕቅዱ ከተጻፈ፣ በጀቱም ከተደለደለ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ግቦዊ ከያኔዋ የላይቤሪያ ፕሬዚዳንት ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍና ከየመኗ ተወኩል ካርማን ጋር የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለች። ይገባታል። የአሳቱን ስም ግን ከላይቤሪያ ውጭ የሚያውቅ እስካሁን ብዙም አላጋጠመኝም።