የጠፋው ድምፅና የስልኬ ቀዳዳ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ፖለቲካ አይደለም፤ እሱን በሌሎቹ ገጾች እንደ ልባችሁ ታገኙታላችሁ። እኔ የማወራው ስለ አንዲት ቀዳዳ ነው። ስፋቷ 3.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት። ስልካችሁን ገልበጥ አድርጋችሁ ብትመለከቱ፣ ዕድለኞች ከሆናችሁ ከላይ ወይም ከታች በኩል ታገኟታላችሁ። ዕድለኞች ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 አይፎን 7ን ሲያወጣ ይህችን ቀዳዳ ደፈናት፤ ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ ኩባንያዎች አንድ በአንድ ተከተሉት። እኔ ግን እስከ ዛሬ የምይዘው ቀዳዳ ያለው ስልክ ነው። ሽቦ አልባው የጆሮ ማዳመጫ ባትሪው ያልቃል፣ ከኪስ ይወድቃል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ድምፁ ጆሮ የሚደርሰው ትንሽ ዘግየት ብሎ ነው። ድምፅ እያስቆመና እየመለሰ ለሚጽፍ ሰው ይህች መዘግየት እንጀራ ውስጥ እንደገባ አሸዋ ናት።

አዲስ አበባ ሳለሁ ጋዜጠኛ ነበርሁ። ቃለ ምልልስ በትንሽ ቴፕ እንቀዳና ሌሊቱን ቁጭ ብለን ወደ ወረቀት እንገለብጥ ነበር። የሙያው ጓደኞቼ ያስታውሱታል፤ አንድ ሰዓት ንግግር አምስትና ስድስት ሰዓት ይበላል። በኋላ ሁለተኛ ዲግሪዬን ኦስሎ ሠርቼ፣ ዞሮ ዞሮ ዛሬ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የሌሊት ፓርኪንግ እጠብቃለሁ። (ይህን ሰምቶ የሚያዝን አንባቢ ካለ አይዘን። ሌሊት ማንበብና መጻፍ ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ ሥራ አይገኝም፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ መኪና የሚያወጣ የለም።)

ታዲያ አንዲት እትዬ አሉ። ዕድሜያቸው 74 ሆኗል፤ የተወለዱት ጎንደር ክፍለ ሀገር፣ ወገራ ነው። በ1970ዎቹ በመተማ በኩል ሱዳን ገብተው ገዳሪፍ ብዙ ዘመን ተቀምጠዋል። በ1978 ዓ.ም. እናታቸው በነጋዴ እጅ አንድ ካሴት ሰደዱላቸው። በዚያ ዘመን ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ወላጆች ደብዳቤ የሚልኩት እንዲህ ነበር፤ ቴፕ ያለው ሰው ዘንድ ሄደው፣ እንደ ሰው ፊት ለፊት አስቀምጠውት ያወሩታል። እናትየው ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ። እትዬ ለቀብር አልደረሱም። የእናታቸው ድምፅ ያለው በዚያ ካሴት ላይ ብቻ ነው።

ካሴቱን አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት። «ልጆቼ አማርኛ ይሰማሉ እንጂ የወገራን አነጋገር አይለዩም፤ የልጅ ልጆቼማ ጭራሽ። ዓይኔ ሳይከደን በጽሑፍ አድርግልኝ» አሉኝ። እንዴት እምቢ ይባላል? ካሴት ማጫወቻ ከአንድ ወዳጄ ተውሼ፣ በገመድ አያይዤ ወደ ስልኬ ቀዳሁት። ሁለተኛው ገጽ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ክሩ ተበጥሶ ማሽኑ ውስጥ ተጠቀለለ። ወደ 40 ዓመት የሚጠጋው ካሴት ነው፤ እዚያ ድረስ መድረሱም አንድ ነገር ነው።

ነገሩ የተፈጠረው በማግስቱ ሌሊት፣ ፓርኪንጉ ዳስ ውስጥ ነው። እናትየው ማን እንዳገባ፣ የማን ላም እንደወለደች፣ ማን ብድሩን እንዳልመለሰ በዝርዝር እየነገሩ ሳለ ድምፃቸው ጥፍት አለ። ኩስኩስታ እንኳ የለም። ስልኩ ላይ ሰዓቱ ይቆጥራል፤ ድምፅ ግን የለም። የጆሮ ማዳመጫውን ነቅዬ በስልኩ በራሱ ድምፅ ማጉያ ልሰማ ሞከርሁ። እሱም ጸጥ! ስክሪኑ አናት ላይ የጆሮ ማዳመጫዋ ምልክት እንደ ተሰቀለች ናት። ምንም ሳልሰካበት ስልኩ «ተሰክቶብኛል» ይላል። አጥፍቼ አበራሁት፤ ያው ነው። ካሴቱ ተበጥሷል፤ ያለው ቅጂ ይኸው ነው። በዚያች ሰዓት የተሰማኝን ለመጻፍ ቃል አላባክንም።

ተስፋ ቆርጬ አንድ ዘፈን ከፈትሁና ገመዱን መልሼ ሰካሁ። አሁን ጉድ በሉ! ዘፋኙ የለም። ሳክስፎኑ፣ ከበሮው፣ ኦርጋኑ ራቅ ብለው ይሰማሉ፤ የሰውየው ድምፅ ግን ተመርጦ ተነስቷል። ሌላ ዘፈን ብከፍት ያው ሆነ። ፋይል የተበላሸ ቢሆን የሁሉም ዘፋኝ ድምፅ ብቻ ተለይቶ አይጠፋም፤ ስለዚህ በሽታው ከካሴቱ ቅጂ ሳይሆን ከመንገዱ ነው ብዬ ትንሽ ተነፈስሁ።

ሲነጋ ስልክ ወደሚጠገንበት አንድ ሱቅ ሄድሁ። የሱቁን ስም አልጠራም። ወጣቱ ባለሙያ ስልኩን ለሁለት ደቂቃ አገላብጦ አየና «ሶፍትዌር ነው፤ ሪሴት እናደርገዋለን፣ 25 ዶላር» አለኝ። ሪሴት ማለት በስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ከፋብሪካ እንደወጣ ማድረግ ነው። ውስጡ ስላለው ነገር አንዲት ቃል አልጠየቀኝም። ስልኬን ከእጁ ተቀብዬ ወጣሁ። ወገኖቼ፣ በዚህ ጉዳይ ትንሽ ልቆጣ፦ የሟች አባቱን ድምፅ፣ የልጁን የመጀመሪያ ቃል፣ የስደት ጉዳዩን ማስረጃ ስልኩ ላይ ያላስቀመጠ ማን አለ? ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው ከመጥረጉ በፊት «ምን አለበት?» ብሎ መጠየቅ ያቅተዋል?

ቤት እንደገባሁ የመጀመሪያው ሥራዬ ስልኩን በቻርጅ ገመዱ ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ ፋይሉን ማውጣት ነበር። ኮምፒዩተሩ ላይ ስከፍተው እናትየው ካቋረጡበት ቀጠሉ። አንዱን ቅጂ እዚያው አስቀመጥሁ፤ ሁለተኛውን በትንሽ ፍላሽ አድርጌ ለእትዬ ላክሁ። ይህ ከሆነ በኋላ ስልኩ ቢሰበርም ግድ አልነበረኝም። ግን የማታ ሥራዬ ያለ እሱ አይሆንም፤ ኮምፒዩተር ተሸክሜ ዳስ ውስጥ አልቀመጥ።

ያለሁበት ሕንፃ ውስጥ ቀድሞ አገር ቤት ቴሌ ብዙ ዓመት የሠሩ፣ ዛሬ ታክሲ የሚነዱ አንድ ጋሼ አሉ። ነገሩን ስነግራቸው ሳቁ። «ዘፋኙ ጠፋ፣ ዘፈኑ ቀረ? በል መሬቱን ፈልግ» አሉኝ። ከዚያም የጆሮ ማዳመጫውን ጫፍ መብራት ላይ ይዘው አሳዩኝ። እናንተም ተመልከቱት። ብረቱን ሦስት ጥቁር ቀለበቶች ለአራት ይከፍሉታል። ጫፉ የግራ ጆሮ ነው፤ ቀጣዩ የቀኝ ጆሮ። ከቀሩት ሁለቱ አንዱ ማይክሮፎን ሲሆን ሌላው ለሁሉም የጋራ መመለሻ ነው፤ ባለሙያዎቹ «መሬት» የሚሉት እሱን ነው። ኤሌክትሪኩ በግራና በቀኝ ይሄድና በዚህ በጋራው መንገድ ይመለሳል።

ይህ መሬት የተባለው ሲቋረጥ ኤሌክትሪኩ ያለው መንገድ ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ ይሆናል። ጋሼ በገመድ ጉተታ አስረዱኝ። እኩል ጉልበት ያላቸው ሁለት ሰዎች ገመድ ቢጎትቱ ገመዱ አይንቀሳቀስም። በዘፈን ውስጥ የዘፋኙ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ በግራና በቀኝ እኩል ይቀመጣል፤ ስለዚህ ይጣፋል። መሣሪያዎቹ ግን አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ያደላሉ፤ እነሱ ይተርፋሉ። በአንዲት ማይክሮፎን የተቀዳ አሮጌ ካሴትስ? ሙሉ በሙሉ እኩል ነው፤ ከነኩስኩስታው ይጠፋል። የእትዬ እናት የጠፉት እንዲህ ነበር።

ለመሆኑ ይህች ሶኬት ከየት መጣች ብትሉ፣ የጥንት ስልክ ቤት ልጅ ናት። ከ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኦፕሬተሮች ደንበኛን ከደንበኛ የሚያገናኙት ገመድ ከቀዳዳ ቀዳዳ እየሰኩ ነበር። ያ ትልቁ፣ 6.35 ሚሊ ሜትሩ፣ ዛሬም በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ አለ። ትንሿ ከኪስ ሬዲዮ ጋር መጥታ፣ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1979 ዎክማንን ሲያወጣ ዓለምን አዳረሰች። ጋሼ ይህን ሲያወሩ ዓይናቸው በራ፤ እኔ ደግሞ ስለ ስልኬ እያሰብሁ ነበር።

ወደ ሥራው ተመለስን። መጀመሪያ ሌላ የጆሮ ማዳመጫ ሰካን፤ ያው በሽታ። እንግዲህ ገመዱ ነጻ ወጣ። የእኔን ማዳመጫ የእሳቸው ስልክ ላይ ሰካን፤ ጥርት አድርጎ ተናገረ። ብሉቱዙ ድምፁን ወደ ሌላ ቦታ እንዳይወስደው ዘጋን፣ ከስልኩ ማስተካከያ ውስጥ የግራና የቀኝ ሚዛኑ መሀል ላይ መሆኑን አየን። ሁሉም ደህና ነው። ከዚያ ጋሼ ሶኬቱን ሰክተው በጥፍራቸው ለኩ። የእኔ ስልክ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር የምትሆን ብረት ውጭ ቀርታለች፤ ስሰካው ያቺ የምታውቋት «ቀጭ» የምትል ድምፅም የለችም። «እዚህ ውስጥ አንድ ሰው ተቀምጧል» አሉ።

ስልኩን አጠፋን። በባትሪ ብርሃን ሲታይ ከታች ግራጫ ነገር አለ። መርፌ ላምጣ ስላቸው እጄን ያዙኝ። ውስጡ ያሉት መያዣዎች እንደ ሞላ የሚለጠጡ ቀጫጭን ብረቶች ናቸው፤ መርፌ ያጣምማቸዋል፣ አንዱን ካንዱም ያገናኛል። ስቴኪኒ አምጥተው በምላጭ አቀጠኑና በዝግታ፣ ግድግዳውን ሳይሆን መሀሉን እያሽከረከሩ አወጡት። ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? የጂንስ ሱሪዬ ኪስ ብናኝ! ሶኬቱ በገባ ቁጥር ወደ ታች ሲጠቀጠቅ ኖሮ እንደ ባና ተደቅቋል። አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ የምስር ፍሬ ያህል ሆነ። ከዚያ ስቴኪኒዋ ላይ ጥቂት ጥጥ ጠቅልለው፣ ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አልኮል ነክረውና ጨምቀው አንድ ጊዜ አዞሩባት። እስኪደርቅ ሻይ ጠጣን።

ስልኩ ሲበራ የተሰቀለችው ምልክት ወርዳለች። ያ ብናኝ፣ ሶኬቱን እስከ መጨረሻው አላስገባ ብሎ መሬቱን ከመስመር ሲያወጣ፣ መሰካትን የምታውቀዋን ትንሽ መያዣም ተጭኖ ስልኩን ሲያታልል ነበር። «ቀጭ» አለ፤ ዘፋኙም ተመለሰ።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከደብዳቤያችሁ ስለማውቅ ብዙዎቻችሁ አሮጌ ማዳመጫ አትጥሉም። ከ2010 እ.ኤ.አ. በፊት ከተሠሩት አንዳንዶቹ የማይክሮፎኑና የመሬቱ ቦታ ከዛሬዎቹ የተገላበጠ ነው። ድምፁ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሆኖ፣ የማይክሮፎኑን ቁልፍ ተጭናችሁ ስትይዙ ብቻ የሚስተካከል ከሆነ፣ ስልካችሁ አልታመመም፤ ማዳመጫው የሌላ ወገን ነው። ቀዳዳው ጸድቶም ሶኬቱ ሲነካካ ድምፁ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ ግን ብየዳው ለቋል፤ ያኔ የሚፈታ ባለሙያ ያስፈልጋል። ቅጂያችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ያን ሌሊት ዳሱ ውስጥ ቁጭ ብዬ ካሴቱን ከመጀመሪያው ጀመርሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ዶሮ እየጮኸ፣ እናትየው አንድ ዓረፍተ ነገር ይላሉ። እትዬ ካሴቱን ሲሰጡኝ ይህችን ቦታ በቃላቸው ነግረውኛል፦ «ጎታው ወደቀ» ይላሉ እናቴ፣ የእህሉ ጎታ ወድቆ ማለታቸው ነው፣ ብለው። ገዳሪፍ ሳሉ የሰሙት በተዋሱት ቴፕ፣ ድንኳን ውስጥ፣ ከብዙ ሰው ጋር ነው።

እኔ በሁለቱም ጆሮዬ ስሰማው ጎታ አልመሰለኝም። መለስሁት። ድምፁን ቀንሼ፣ ጨምሬ ሰማሁት። አሥር ጊዜ ሳልሰማው አልቀረሁም። «ጎ» ሳይሆን «ጌ» ነው፤ መጨረሻውም «ቀ» ሳይሆን «ቁ»። «ጌታው ወደቁ» ነው የሚሉት። እንደ ልማዱ ባላቸውን በአንቱታ እየጠሩ ነው። ጎታን አንቱ የሚል ሰው ደግሞ የለም።

እሑድ ዕለት እቤታቸው ሄጄ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። ምን እንደሰማሁ አልነገርኋቸውም፤ ያቺን ቦታ ብቻ ከፈትሁ። ሁለቴ ሰሙት። ሦስተኛውን ራሳቸው በጣታቸው መለሱት።

«አባባ ናቸው» አሉ። አባታቸው በ1979 ዓ.ም. ሲያርፉ ድንገተኛ ሞት ነው ተብሎ ነበር የተነገራቸው። ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ ኖረዋል ማለት ነው። እናታቸው ነግረዋቸዋል።

ዝም ብለን ቆየን። ቡናው ሦስተኛ ደርሶ ነበር። «እኔኮ በዚያው ነጋዴ እጅ የእህል መግዣ ሰደድሁ» አሉኝ። «ጎታው ወደቀ ብላኛለች ብዬ፣ እህሉ ተበላሽቶባት ይሆናል ብዬ። ስለ አባባ አንድ ቃል ሳልጠይቅ፣ እህል ግዙበት ብዬ ብር ሰደድሁ። ምን ብላ ይሆን እናቴ?»

መልስ አልነበረኝም። ትንሽ ቆይተው ማዳመጫውን አወለቁና ገመዱን በጥንቃቄ ጠቅልለው ሰጡኝ። የተየብሁትን ወረቀት አውጥቼ «እዚህ ላይ እንዴት ልጻፈው፣ እትዬ?» አልኋቸው።

«እንዳለችው ጻፈው» አሉ። «ከሥሩ ደግሞ እኔ ጎታ ብዬ እንደሰማሁት ጻፍ። ልጆቹ ይወቁት።»

እንዳሉኝ ጻፍሁት። አሁን ገጽ 19 ላይ ነኝ፤ ክሩ እስከተበጠሰበት ድረስ የቀረኝ 11 ደቂቃ ነው።