ጠመኔና እርጥብ ግድግዳ

ነሐሴ 13 ቀን 2011

ዛሬ ቡሄ ነው። የበዓሉም የከተማችንም ስም ደብረ ታቦር ስለሆነ ነው መሰል፣ የልጆቹ ጅራፍ እዚህ ጠንከር ብሎ የሚጮህ ይመስለኛል። ባለቤቴ ለሙልሙሉ ዱቄት ልትቀዳ ጓዳ ገብታ፣ «ና እስቲ እዚህ!» ብላ ጠራችኝ። የዱቄቱ ጆንያ ቂጡ ርሷል። ስናነሳው ከኋላው ያለው ግድግዳ ከሊሾው ጀምሮ እስከ ጉልበቴ ድረስ ጠቁሯል። በጥፍሬ ነካ ባደርገው ልስኑ ተልጦ እጄ ላይ ቀረ።

«ጣሪያው ነው» አለች። በነሐሴ ሌላ ምን ይባላል?

ነሐሴ 16

ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ዝናቡ አላባራም። የጉና ተራራ ሙሉ በሙሉ በደመና ተሸፍኗል። የእጅ ባትሪ ይዤ ኮርኒሱ ውስጥ ገባሁ፤ አቧራው፣ የአይጡ ጎጆ፣ የሸረሪቱ ድር አይወራም። አንድ ቦታ ጠብ ጠብ ይላል። አናቱን ብመለከት ቆርቆሮው ደህና ነው፤ ቀዳዳ የለውም። ለካ ውሃው በቆርቆሮው ሆድ ተንሸራትቶ ሞራሌ ላይ ይደርስና እንጨቱን ተከትሎ ይወርዳል፤ የሚንጠባጠበው እንጨቱ ላይ የሚያደናቅፈው ነገር ሲያገኝ ነው። የእርጥበቱን ፈለግ ሽቅብ ስከተል ከጠብታው አንድ ክንድ ተኩል ያህል ራቅ ብሎ ፀሐይ ጎማውን የሰነጠቀው ምስማር አገኘሁ። ከሱ ከፍ ብሎም አንድ ሌላ አለ።

ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ሁለቱን ነቅዬ ጎማ ባላቸው አዳዲስ ምስማሮች ቀየርኋቸው። ማታ ላይ እንደ አናጺ እየተንጎራደድሁ ነበር።

ነሐሴ 27

ኮርኒሱ ደርቋል። ግድግዳው አልደረቀም። «ጠጥቶ የከረመው እየወጣ ይሆናላ» አልሁ። ባለቤቴ ዝም ብላ አየችኝ።

መስከረም 5 ቀን 2012

ዝናቡ ላላ ብሏል፤ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። ግድግዳው ግን አዲስ ዓመት መግባቱን አልሰማም።

የቧንቧ ባለሙያ አስጠራሁ። የሰፈሩ ልጆች «አያ ቧንቧ» ነው የሚሏቸው፤ እኔም ከዚያ ሌላ አልጠራቸውም። ከመምጣታቸው በፊት መሮና መዶሻ አዘጋጅቼ ነበር። መጀመሪያ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። «የፍሳሽ አይደለም፤ ቢሆን ኖሮ አፍንጫዎ ቀድሞ ይነግርዎት ነበር» አሉ። ቀጥለው መሮዬን አዩና ፈገግ አሉ።

«መምህር፣ እሱን ያስቀምጡት። ውሃ የወጣበትና የታየበት ቦታ አንድ አይደለም። ዝም ብለው ከፈለፈሉት ውሃውም አይገኝ፣ ግድግዳውም አይተርፍዎ። ጠመኔ አለዎት?»

አስተማሪ ከጠመኔ በቀር ምን አለው!

በየማለዳው የእርጥበቱን ዳር በጠመኔ እንዳሰምር፣ ቀኑን እንድጽፍበት፣ በደብተርም ያንን ቀን ምን እንደተደረገ እንድመዘግብ አዘዙኝ። ዘነበ ወይ? ቧንቧ መጣ ወይ? ልብስ ታጠበ ወይ? ለድካማቸው ብር ባወጣ፣ «ገና ምን ሠራሁ?» ብለው ወጡ።

መስከረም 15

ጂኦግራፊ ነው የማስተምረው፤ ግድግዳዬ ላይ የተሳለውን ሳይ ሳቄ መጣ። ልክ የተራራ ከፍታ መስመር ነው፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ።

ደብተሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። ለእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ማክሰኞና ዓርብ ማታ። ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት የእርጥበቱ ዳር ሁለት ጣት ያህል ወደ ውጭ ይገፋል። እስከ ሰኞ ተመልሶ ይሰበሰባል። መስከረም 8 ቀን ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ ንቅንቅ አላለም። መስከረም 11 ባለቤቴ የቤቱን ልብስ በሙሉ አጥባ ውሃውን ስታፈስስ ዋለች፤ አሁንም ንቅንቅ የለም። ስለዚህ ከሰማይ አይደለም፤ ከማጠቢያው ፍሳሽም አይደለም። ግፊት ካለው መስመር ነው።

ፈረቃን ስረግም ነው የኖርሁት። ዛሬ ግን ውለታ አለብኝ። ውሃው ሌት ተቀን ቢመጣ ኖሮ ግድግዳው ሁልጊዜ እኩል እርጥብ ይሆንና ምንም አይነግረኝም ነበር።

መስከረም 16

ደመራ አብርተን ስንመለስ ውሃው መጥቶ ሮቶው መሙላት ጀምሯል። አያ ቧንቧ በስልክ ያሉኝን አደረግሁ። ሮቶው እስኪሞላ ጠበቅሁ፤ የመግቢያውን ቁልፍ ዘጋሁ፤ የግቢውንም ቧንቧ ዘጋሁ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ቆጣሪው ፊት ተቀመጥሁ። ከትልልቆቹ ቁጥሮች ሥር ያለችው ትንሿ ተሽከርካሪ ናት የምትታየው፤ ቁጥሩ ሳይቀየር እሷ ከዞረች ውሃ እየሄደ ነው ማለት ነው። ባትሪ አብርቼ አንድ ሰዓት ሙሉ አፈጠጥሁባት። አልዞረችም። ከቆጣሪው እስከ ሮቶው ያለው ቧንቧዬ ንጹሕ ነው።

ከሮቶው በኋላ ያለውስ? የውሃውን ልክ በጠመኔ ምልክት አድርጌ ተኛሁ።

መስከረም 17

መስቀል ነው። በጠዋት ሮቶው ላይ ወጣሁ። ውሃው ከምልክቱ አራት ጣት ያህል ወርዷል፤ ማንም ሳይነካው! በግምቴ ሦስት ጀሪካን ይሆናል። ደስታዬን መደበቅ አልቻልሁም፤ ጠላቴን ያገኘሁ መሰለኝ። ባለቤቴ ለበዓሉ የቀቀለችውን የቀይ ሥር ውሃ ለመንሁና የመጸዳጃ ቤቱ ማጠራቀሚያ ውስጥ ጨመርሁት። ማንም እንዳይነካው በር ላይ ቆምሁ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ቀላ። የታችኛው ጎማ አርጅቶ አይገጥምም ማለት ነው።

ጎማው ተቀየረ፤ ሮቶው ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ አላለም። ይሁንና ይኸኛው ሌት ተቀን የሚፈስስ ነበር፤ የግድግዳው ደግሞ ቀን መርጦ ነው የሚመጣው። ሌባ ተያዘ፤ ግን የምንፈልገው ሌባ አይደለም።

መስከረም 20

ማክሰኞ ማታ አያ ቧንቧ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ፌሮ ይዘው መጡ። «ውሃ በሚመጣበት ማታ የሚንቀሳቀስ፣ በእርስዎ ቆጣሪ የማያልፍ። እንግዲህ የማን ነው?» አሉኝ። መልሱን እያወቁ ተማሪ የሚጠይቅ አስተማሪ መሰሉኝ።

ከጓዳው ጀርባ፣ ከእኛ ከፍ ብሎ፣ የጎረቤታችን የእማሆይ ግቢ ነው። ሰፈራችን ተዳፋት ነው፤ የእሳቸው ቧንቧ በወሰናችን ጥግ ነው የሚወርደው። ሄደን አንኳኳን። እማሆይ ጸሎታቸውን ጨርሰው ወጡ። ቧንቧቸውን በሙሉ ዘጋንና ቆጣሪያቸውን ከፍተን አየን። ትንሿ ተሽከርካሪ ቀስ እያለች ትዞራለች። በሰዓቴ ያዝሁት፤ በ10 ደቂቃ 2 ሊትር።

ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በሰዓት 12 ሊትር ነው፤ ውሃው በሚመጣበት 8 ሰዓት ወደ 96 ሊትር፣ አምስት ጀሪካን ሊሆን ምንም አይቀረው። በሳምንት ሁለት ሌሊት፣ በወር ከ800 ሊትር ብዙም አይበልጥ። ሂሳብ የሚመጣው ደግሞ በሜትር ኩብ ነው፤ አንዱ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር። ወሩ ሙሉ ፈስሶ አንድ ቁጥር እንኳ አይሞላም! እማሆይ በምን ይወቁት?

ቀሪው ቦታውን ማግኘት ነው። አያ ቧንቧ የፌሮውን ጫፍ መሬት ውስጥ ሰክተው ሌላውን ጫፍ ጆሯቸው ሥር ያለው አጥንት ላይ አደረጉ። በየአንድ እርምጃው ይሰካሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ይነቅላሉ። «ብረት ቧንቧ ቢሆን ከሩቅ ይጮህልን ነበር። ፕላስቲክ ድምፁን ይውጣል፤ አጠገቡ ካልደረሱ አይሰማም» አሉ። እኔም ሞከርሁ። የራሴን የደም ሥር ብቻ ነው የሰማሁት። ውሾቹ ጸጥ ሲሉ ግን፣ ከሾላው ዛፍ በታች፣ ጥብስ ከሩቅ ሲንጫጫ የመሰለ «ሽሽሽ» የሚል ነገር መጣ። ድንጋይ አስቀመጥንበት።

መስከረም 21

ከድንጋዩ ሥር ተቆፈረ። ልጆቹ የቴዎድሮስ ወርቅ ይወጣል ብለው ከበቡን፤ የንጉሡ መድፍ የተሠራበት ጋፋት ቅርባችን ስለሆነ እዚህ ጉድጓድ ሲቆፈር ወርቅ የማይጠብቅ ልጅ የለም። ግማሽ ሜትር ሳንወርድ ጭቃው ላቆጠ። ጥቁሩ ቧንቧ ያለፊቲንግ በከመነዳሪ ጎማ ተጠምጥሞ፣ በሽቦ ታስሮ ተቀጥሏል። ሽቦው ዝጎ ጎማውን በልቶታል። ከእኛ ጓዳ አምስት እርምጃ ይርቃል። ውሃው ከመሬቱ በላይ ያልታየው ቧንቧው የተቀበረበትን ቦይ ተከትሎ ስለወረደ ነው፤ የቤታችን የድንጋይ መሠረት ሲገታው ግድግዳችን ላይ ወጣ።

አያ ቧንቧ ጭቃውን በጣታቸው እያሳዩ የነገሩኝ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ውሃ ሲመጣ በዚህ ቀዳዳ ይወጣል፤ ውሃው ሲሄድና ቧንቧው ባዶ ሲሆን ይኸው ጭቃ ተስቦ ወደ ውስጥ ይገባል። በሚቀጥለው ፈረቃ መጀመሪያ የሚቀዳው እሱ ነው። እማሆይ ለካ ከዚህ ሲጠጡ ነው የኖሩት። እስኪጠራ ድረስ የመጀመሪያውን እንዲያፈሱና እንዲያፈሉ አደራ አልኋቸው።

«እኔ ልጄ፣ ቤትህን ሳጠጣ ነዋ የከረምሁ!» አሉ እማሆይ። ወጪውን ማን ይክፈል በሚለው ተከራከርን። እሳቸው ቧንቧው የእኔ ነው አሉ፤ እኔ ግድግዳው የእኔ ነው አልሁ። ፊቲንጉን እሳቸው፣ ጉልበቱን እኔ ከፈልን። ቡናው ከባለቤቴ ሆነ።

ጥቅምት 9

ከአሜሪካ ወንድሜ ደወለ። ነገሩን ስነግረው እነሱ ጋ በካሜራ ነው የሚያዩት አለኝ። ግድግዳ ሰርስሮ ውሃ የሚያይ ካሜራ የለም፤ የሚያየው የሙቀት ልዩነትን ነው፤ እርጥቡ ከደረቁ ስለሚቀዘቅዝ በቀለም ይለያል። እኔ በመዳፌ ዳስሼ የምለየውን ነው፣ ከርቀትና በውድ ዋጋ። ሁለት መስሚያ ቧንቧው ላይ በሩቅ በሩቅ አስቀምጦ፣ ድምፁ የትኛው ጋ ቀድሞ እንደደረሰ አስልቶ ቦታውን የሚናገር መሣሪያም አለ። ለአያ ቧንቧ ስነግራቸው፣ «ፌሮው ሁለት ይሁን ነው የሚሉኝ?» አሉ።

ማታ ሳነብ አንድ ቁጥር አገኘሁ። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጥናት፣ በታዳጊ አገሮች በየቀኑ ወደ 45 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ከመስመር ላይ ይፈስሳል። ቁጥሩ እንደዚህ ሲገዝፍ ምንም አይታየኝም። የእማሆይ ቆጣሪ ላይ ያለችው ተሽከርካሪ ናት የምትታየኝ።

ኅዳር 20

ግድግዳው ከውጭኛው መስመር ወደ ውስጠኛው እየደረቀ ነው። በደረቀው ላይ ነጭ ጨው መሰል ዱቄት አብቦበታል፤ ውሃው ከልስኑ ያሟሟው ሲደርቅ የተወው ነው። በደረቅ ቡርሽ አራገፍሁት። ባለቤቴ ቀለም ይቀባ ትላለች። አያ ቧንቧ እስከ ጥር ሳይደርቅ ከተቀባ ይላጣል ብለዋል።

ሰሞኑን አንድ ጠዋት ደግሞ ሌላ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ውጭ ሣሩ ላይ ውርጭ ነጥቷል፤ የመኝታ ቤቱ ኮርኒስ ግን ጠብ ጠብ ይላል! ባለቤቴ መሰላል ልታመጣ ተነሳች። እኔ ደብተሬን አወጣሁ። ለሦስት ጠዋት ጻፍሁ፤ የሚንጠባጠበው በውርጭ ጠዋት ብቻ ነው፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስትነካው አፍታ ቆይቶ ያቆማል። የእኛው ትንፋሽና የድስቱ እንፋሎት ነው፤ ሌሊት በረዶ የሆነው ቆርቆሮ ላይ ወጥቶ ይጤዛል። ከጣሪያው ጥግ ያለችውን የአየር መግቢያ በክረምት ብርድ ገባ ብዬ በጨርቅ ወትፌያት ነበር። ጨርቁን አወጣሁ፤ ወፍ እንዳይገባባትም የወንፊት ሽቦ መታሁባት።