የእማዬ ጃንጥላ በፍሮግታውን

እማዬ ባለፈው ሚያዝያ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ መጣች። ሴንት ፖል ገና ብርድ ነበር። በመስኮት ወደ ውጭ እያየች «ይቺ ልጅ ፀሐይ ሳትሞቅ ልታድግ ነው?» ትለኝ ነበር።

ጁላይ ላይ አንድ ቅዳሜ፣ የስምንት ዓመት ልጄንና የሦስት ወሯን ሕፃን ይዘን ወደ ፍሮግታውን ሄድን። ከግሪን ላይን ባቡር ቪክቶሪያ ጣቢያ ወርደን፣ ከዩኒቨርሲቲ ጎዳና ወደ ሰሜን በእግራችን አዘገምን። የሰፈሩ ስም «የእንቁራሪት ከተማ» ማለት መሆኑን ስነግራት እማዬ ሳቀች። «ሌላ ስም አጥተው ነው?» አለች።

የሄድነው እ.ኤ.አ. በ2015 ወደተከፈተው የፍሮግታውን መናፈሻና እርሻ ነበር። ስፋቱ 13 ኤከር ገደማ ነው። ኮረብታው ላይ ትልልቅ የኦክ ዛፎች አሉ፤ አጠገባቸው ደግሞ አትክልት ይለማል።

ሰዓቱ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ነበር፤ በዚህ አገር አቆጣጠር አሥራ አንድ። እማዬ ነጠላዋን ፀሐይ ላይ አነጠፈች። ባዝሊን አወጣችና የሕፃኗን ልብስ ማውለቅ ጀመረች።

«እማዬ፣ ቆዪ» አልኳት።

«አንቺንም ወንድሞችሽንም በፀሐይ ነው ያሳደግኳችሁ» አለች ቅር ብሏት። «ደግሞ እኛን ጥቁሮቹን ፀሐይ ምን ያደርገናል?»

ልጄን ጠርቼ የካናቴራውን አንገት ገለጥ አደረግሁ። ትከሻው ተልጧል። ባለፈው ሳምንት ሐይቅ ዳር ስንውል፣ ጠዋት አንድ ጊዜ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ቀብቼው «ለቀኑ ይበቃዋል» ብዬ ነበር። ቆዳው ብዙም አልቀላም። ማታ ግን ትከሻው እንደ እሳት ይፋጅ ነበር፤ በጀርባው መተኛት አቃተው። እማዬ ትከሻውን በጣቷ ዳሰሰችና ዝም አለች።

ጥቁር ቆዳ በሜላኒን ምክንያት ከነጭ ቆዳ የተሻለ መከላከያ አለው፤ ግን እሱም ይቃጠላል። የእማዬ ልማድም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ፀሐይ ቆዳችን ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ ታደርጋለች፤ ቫይታሚኑ ሲያንስ ሕፃናት አጥንት በሚያለሰልሰው በሪኬትስ ይታመማሉ። ነገር ግን የማለዳ ፀሐይና የቀትር ፀሐይ አንድ አይደሉም። ከስድስት ወር በታች ያሉ ሕፃናት በጥላና በልብስ እንዲጠበቁ ይመከራል፤ የፀሐይ መከላከያ ቅባትም ሐኪም ሳይጠየቅ አይቀቡም። ጡት ለሚጠቡ ሕፃናት ቫይታሚን ዲ በጠብታ ይሰጣል። የእኛም ሕፃን በየቀኑ 400 ዩኒት ትወስዳለች።

ይህን ስነግራት እማዬ ባዝሊኑን ወደ ቦርሳዋ መለሰች።

ቀጥሎ የልጄ ተራ ሆነ። ኤስፒኤፍ 30 የሆነውንና ሁለቱንም ዓይነት የአልትራ ቫዮሌት ጨረር የሚከላከለውን ቅባት አወጣሁ። 30 ማለት በደንብ ከተቀባ ቃጠሎ ከሚያመጣው ጨረር 97 ከመቶ ያህሉን ያግዳል ማለት ነው። ጊዜው እንዳላለፈበት አየሁ። ፀሐይ ላይ ከመውጣቱ 15 ደቂቃ በፊት ጆሮውን፣ አንገቱንና እግሩን ሳልረሳ፣ ሳልቆጥብ ቀባሁት። ዓይኑ ውስጥ እንዳይገባ ተጠነቀቅሁ። በየሁለት ሰዓቱ፣ ከዋኘ ወይም ካላበውም እንደገና መቀባት አለበት። የሚረጨው ዓይነት ከሆነ ፊት ላይ በቀጥታ አይረጭም፤ መጀመሪያ እጅ ላይ ተደርጎ ይቀባል። ቅባቱንም በሙቀት መኪና ውስጥ አንተወውም፤ ይበላሻል።

ዞር ስል እማዬ ሕፃኗን ታቅፋ ኦኩ ጥላ ሥር ተቀምጣለች። ጥቁር ጃንጥላዋንም ዘርግታለች።

«አዲስ አበባ እኔ ራሴ ያለ ጃንጥላ ፀሐይ ላይ አልወጣም» አለች። «ለልጅቷ ግን እንዴት አላሰብኩም?»

ልጄ ሮጦ ሄደና አፍንጫዋ ላይ ቅባቱን ለደፈባት። በስልኬ መስታወት ራሷን አይታ ሳቀች።

«ጤፍ ሳስፈጭ የዋልኩ መሰልኩ!»