ጢሞቴዎስ፣ ወይን ጠጅና የጓዳችን ብልቃጦች



ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ ስንወጣ ኦሎምፒያ ላይ ፋርማሲው፣ ጭማቂ ቤቱና መጠጥ ቤቱ ጎረቤታሞች ናቸው። የምእመናን ጥያቄም ከእነዚሁ በሮች ይመጣል። "ፓስተር፣ ቀይ ወይን ለልብ ይጠቅማል ይላሉ፤ ጳውሎስስ ለጢሞቴዎስ ፈቅዶለት የለ?" "ከውጭ የተላከልኝን ቫይታሚን ብወስድ ምን አለበት?"

እስቲ ቃሉን እናስተውል (1ጢሞ. 5፥23)። ጢሞቴዎስ ውኃ ብቻ የሚጠጣ፣ ሕመም የሚደጋገምበት አገልጋይ ነበር። ወይኑን በራሱ ምኞት አልመረጠም፤ ሕመሙን የሚያውቅ መንፈሳዊ አባቱ በጥቂቱ እንዲወስድ መከረው። ነገሩ የመድኃኒት እንጂ የግብዣ አይደለም። ዛሬ ደግሞ ለጨጓራ የተሻለ መድኃኒት አለ፤ አልኮል እንዲያውም ያስቆጣዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ለጤና ስጋት የሌለው የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል።

ጢሞቴዎስ ሕመሙን አልደበቀም። እኛን የሚያሳስበን የእኛ መደበቅ ነው። አንዲት የምንወዳቸው እናት ተጸልዮላቸው የስኳር ኪኒናቸውን አቆሙ፤ በምትኩ የሽፈራው ዱቄትና ስሙን የማያውቁትን እንክብል ያዙ። ስኳራቸው ከፍ ብሎ ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሙ ምን እንደሚወስዱ ሲጠይቃቸው "ምንም" አሉ። እውነቱን ያወጣችው ከጓዳ ብልቃጦቹን በፌስታል ይዛ የመጣችው ልጃቸው ናት። እናታችን ተርፈዋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ዝምታቸው ሕይወታቸውን ሊያስከፍላቸው ነበር።

ወገኖች፣ ሕዝቅያስ አለቀሰ፣ ጸለየ፣ 15 ዓመትም ተጨመረለት። ያው ነቢይ ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ (ኢሳ. 38)። ጸሎትና መድኃኒት አልተጣሉም፤ እኛ ለምን እናጣላቸዋለን?

ስለዚህ የምንወስደውን ሁሉ ለሐኪም እንንገር። የነጭ ሽንኩርት እንክብል ከደም ማቅጠኛ ጋር ሲሆን መድማትን ሊያብስ ይችላል። ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ሊቀንስ ስለሚችል ተጨማሪ ቫይታሚን በእርግጥ የሚያስፈልገው ሰው አለ፤ ተመርምሮ ይታወቃል። ጭማቂ ከፍሬ ቢጨመቅም ስኳርን ያሻቅባል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ባዶ ሆዱን አልኮል ቢጠጣ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ጾም ጸሎት ስናውጅም የስኳር ሕመምተኞች አስቀድመው ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ በሌላ መንገድ ቢጾሙ እምነታቸው አይጎድልም።

ሰውነታችን የራሳችን አይደለም፤ በዋጋ ተገዝተናል (1ቆሮ. 6፥19-20)። ወደ አፋችን የምናስገባውን በጌታ ፊት፣ በትዳር ጓደኛችንና በሐኪማችን ፊት በግልጥ መናገር እንችላለን? ካልቻልን ቆም እንበል። መጠጥ አስሮህ በስውር የምታነብ ወንድማችን ሆይ፣ አንተንም እንጠብቅሃለን፤ ሳታፍር ና፤ አብረንህ እንጸልያለን፣ ሐኪም ዘንድም አብረንህ እንሄዳለን።

ጌታ ሆይ፣ የደበቅነውን ወደ ብርሃንህ እናወጣ ዘንድ እርዳን። አሜን።